እትዬ ጽጌና የጋሽ ጌታነህ ድምፅ

እትዬ ጽጌ ማረፋቸውን በሰማሁ ማግስት የቀብሩን ሰዓት ልጠይቅ ብዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የድሮ መሥሪያ ቤታችን ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ራሳቸው እትዬ ጽጌ ነበሩ። «ጤና ይስጥልኝ። መስመር ላይ ይቆዩ፣ አሁን እናነጋግርዎታለን» አሉኝ፣ በዚያ ረጋ ባለ ወፍራም ድምፃቸው። አሁን የምሠራበት አርሊንግተን ያለው ቢሮ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። የተቀዳ መሆኑን አውቃለሁ፤ የቀዳሁላቸው እኔው ነኝ። ቢሆንም ሳልናገር ዘጋሁት። ከሰው ሁሉ እሳቸው ሞተው ድምፃቸው ሥራውን ሲቀጥል መስማት ከበደኝ። ለምን እንደከበደኝ ልናገር።

እትዬ ጽጌ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ። ያኔ ክፍለ አገር መደወል የፈለገ ሰው ቁጥሩን ለማዞሪያ ይነግርና ማዞሪያዋ ገመዱን ሰክታ ታገናኘዋለች። ፊቱን የማያውቁትን የአገሩን ሰው በጆሯቸው ያውቁት ነበር። እኔ ያገኘኋቸው ግን ጸጉራቸው ሸብቶ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት የሚያከራይና ቴክስ፣ የግብር ወረቀት ማለት ነው፣ የሚሠራ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። የሳቸው ጠረጴዛ ውጭ አገር ያሉት የቤት ባለቤቶች ጉዳይ የሚታይበት ነበር።

ብዙ የኛ ሰው እዚህ ቤት ገዝቶ፣ ልጆቹን አድርሶ፣ አንድ ቀን ግሪን ካርዱን መልሶ አገሩ ይገባል። ቤቱ ግን እዚህ ይቀራል። እኛ አከራይተን ኪራዩን እንልክለታለን። እንዲህ ያለ ሰው በቴክስ ሕጉ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ አገር ሰው ነው። ከኪራዩ ከመቶ ሠላሳው አስቀድሞ ተቆርጦ ለመንግሥት ይገባል፤ ዓመቱ ሲያልቅም ለማን፣ የት አገር ላለ ሰው እንደተከፈለ ሪፖርት ይደረጋል። ቆራጮቹ እኛ ነን። ሳንቆርጥ ብንልክ፣ ወይም የሌለውን ሰው አለ ብለን ብንጽፍ፣ የሚጠየቀውም ላኪው ነው። ሪፖርቱ ላይ የሚፈርሙት እትዬ ጽጌ ነበሩ።

ከመፈረማቸው በፊት ለእያንዳንዱ ባለቤት ይደውላሉ። ደውሉ ብሎ ያዘዛቸው ሕግ የለም። «ድምፁን ላልሰማሁት ሰው አልፈርምም» ይሉ ነበር። ሲደውሉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አያስጠጉትም፤ ትንሽ ራቅ አድርገው ነው የሚይዙት። ሰውዬው ከሚለው ይልቅ ከኋላው ያለውን ነው የሚሰሙት።

አንድ ጊዜ አንድ ባለቤት «እትዬ፣ እኔ እኮ ተመልሼ መጥቻለሁ፣ እዚሁ አጠገባችሁ አሌክሳንድሪያ ነው ያለሁት፤ ከንግዲህ አትቁረጡብኝ» አላቸው። እትዬ ጽጌ እጀታውን ትንሽ ራቅ አደረጉና፣

«ጌታው፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥም ቆራሌው መዞር ጀመረ?» አሉት።

ሰውዬው ሳቀ። አሮጌ ዕቃ ገዢው አዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ «ቆራሌው!» እያለ ሲጣራ በስልኩ ገብቶ ነበር። ቢሮ ውስጥ ያለን ሁሉ ለሳምንት ሳቅንበት። እትዬ ጽጌ ግን አልሳቁም። «በደርግ ጊዜ አጠገቡ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሞበት የሚያወራውን እለየው ነበር። ቆራሌው ምኑ ይከብዳል?» አሉኝ።

ጋሽ ጌታነህ ከነዚህ ባለቤቶች አንዱ ነበሩ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ያላቸውን ታውንሃውስ ለኛ ትተው፣ ከሚስታቸው ከሰናይትና ከልጆቻቸው ጋር ደብረ ብርሃን ገብተዋል። ወፍራምና አስም ያለባቸው ሰው ስለነበሩ ሲያወሩ ከቃል ቃል ትንፋሻቸው ያፏጫል። በደወልን ቁጥር ሰላምታ ሳይቀድም «ማዞሪያዬ! እስቲ ከገንዘቤ ጋር አገናኚኝ!» ብለው ይጮሃሉ፤ ከዚያ ሳል ይይዛቸዋል። የቢሮው ሰው ሁሉ ይወዳቸው ነበር።

ሁለት ክረምት ያልሞላው ነገር ነው። ጥር መጨረሻ ላይ እትዬ ጽጌ ደወሉላቸው፤ አልተነሳም። ጥቂት ቆይቶ በስልካቸው የድምፅ መልእክት ገባ።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኔትወርኩ አስቸግሮን ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ያው ደብረ ብርሃን ነኝ። አድራሻዬም አልተለወጠም። ወረቀቱን እንደ ወትሮው ይላኩልኝ።»

እትዬ ጽጌ ሰሙት። ደግመው ሰሙት። ከዚያ «ሂሩት፣ ነይ እስቲ» ብለው ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ።

«ማን ነው?»

«ጋሽ ጌታነህ ናቸዋ።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም። እንዲያውም ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። አይተነፍስም።»

እንደገና አዳመጥኩ። እውነታቸውን ነበር። ቃሉ አለ፣ ለዛው አለ፣ ያ የሸዋ አነጋገር አለ። በቃላቱ መሃል ግን ባዶ ነበር፤ ዝምታ እንኳ አልነበረም። በመስኮቱ የቀትር ፀሐይ እየገባ፣ ታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ እያለፈ፣ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አነሳሁት።

«ደግሞ ጌታነህ ወይዘሮ ብሎኝ አያውቅም» አሉና ስልኩን አፋቸው አጠገብ አድርገው በድምፅ መልእክት ጠየቁ፤ «ጌታነህ፣ ድሮ ምን ብለህ ነበር የምትጠራኝ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። መጀመሪያ ሳቅ፣ ከዚያ «ወይዘሮ ጽጌ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!»

«አሁን አጠገብህ ማን አለ?»

ሳቅ። «ማንም የለም ወይዘሮ ጽጌ፣ ብቻዬን ነኝ።»

እትዬ ጽጌ ሁለቱን መልእክቶች አከታትለው ከፈቱልኝ። ሳቁ አንድ ነበር። የሚመስል አልነበረም፣ ራሱ ነበር፤ አጀማመሩም አጨራረሱም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉትና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ባለቢሮው ግን «መልሷል አይደል እንዴ? ሰውየው አለሁ እያለ ምን እንፈልጋለን? ዴድላይኑ ሳያልፍ ይፈረም» አለ። እትዬ ጽጌ አልፈረሙም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወደ አሌክሳንድሪያ እንድነዳቸው ጠየቁኝ። የጋሽ ጌታነህ እናት እማማ ብርቄ ከልጃቸው ከአስካለ ጋር እዚያ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ይኖሩ ነበር።

አስካለ በሩን ስትከፍት ፊቷ ተለዋወጠ። እማማ ብርቄ ግን ደስ አላቸው። ትንሽዬ፣ ንጹሕ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ናቸው። ስልካቸውን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

«ልጄን ታውቂዋለሽ? በየቀኑ ያወራኛል እኮ! ድሮ በሳምንት አንዴ ነበር። አሁን እኔ አንድ ነገር ስለው አፍታም አይቆይ፣ ይመልስልኛል። ስሚው፣ ስሚው።»

ከፈቱልን። «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? መድኃኒትሽን ወስደሻል?»

«ይኸውልሽ» አሉ እማማ ብርቄ በኩራት፣ «ደረቱ ዳነለት። ያ ሳል ለቀቀው። የደብረ ብርሃን አየር እንዲህ ይስማማዋል ብዬ መች አስቤ!»

እትዬ ጽጌ የእማማን እጅ ይዘው ትንሽ ተቀመጡ። ስንወጣ አስካለ እስከ ፓርኪንጉ ተከተለችን። መኪናው አጠገብ እንደደረስን ሳንጠይቃት ማልቀስ ጀመረች።

ጋሽ ጌታነህ ከሞቱ ቆይተዋል። ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ መኪናው ተገልብጦ ነው። እማማ ብርቄ የልብ ሕመምተኛ ስለሆኑ መርዶው ይገድላቸዋል ብለው ፈሩ፤ ዛሬ ነገ ሲሉ እናትዮው «ለምን አይደውልልኝም?» እያሉ መብል ተዉ። የሰናይት ወንድም ኮምፒውተር አዋቂ ነው። የጋሽ ጌታነህን የድሮ የድምፅ መልእክቶች ሰብስቦ ማሽን በሳቸው ድምፅ እንዲናገር አስተማረው።

«መጀመሪያ የሚባለውን እሱ እየጻፈ ነበር ማሽኑን የሚያናግረው» አለች አስካለ። «በኋላ አልቻለም፤ ሥራ አለው። ብቻውን እንዲመልስ አደረገው። አሁን ምን እንደሚላት እኛም አናውቅም። እትዬ ጽጌ፣ እኔ በግድግዳ እየሰማሁት ነው የማድረው። ወንድሜ እኮ ነው።»

«ሰናይትስ?»

«ጥቁር ለብሳለች። እማዬ በቪዲዮ ስትፈልጋት አውልቃ ቀለም ያለው ትለብሳለች። ስትጨርስ ጥቁሩን መልሳ ትለብሳለች።» ዓይኗን ጠረገች። «ለናንተም ያልተናገርነው ኪራዩን ትይዙብናላችሁ ብለን ነው፤ ልጆቹ በምን ይኖራሉ? ይማሩን እትዬ። ይቺን ዓመት ብቻ ይፈርሙልን። እማዬ ከዚያ በላይ አትቆይም።»

«ኪራዩ የሚገባው ለወራሹ ነው፤ የፍርድ ቤት ወረቀቱ እስኪመጣ ይቆያል እንጂ አይጠፋም፤ እኔ እከታተለዋለሁ» አሉ እትዬ ጽጌ። «ያ ድምፅ ግን የሚከፈለው ሰው አይደለም። እሱ አለሁ ስላለኝ ጌታነህ አለ ብዬ አልጽፍም። መርዶውን ንገሯቸው አስካለ። ብቻችሁን አልተዋችሁም፣ እኔም እመጣለሁ።»

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ትራፊክ ያዘን። ወንዙ ጠርዝ ጠርዙን በረዶ ሠርቶ ነበር። እትዬ ጽጌ ዓይናቸውን እሱ ላይ ጥለው፣ ያለወትሯቸው የድሮ ነገር አነሱ። ማዞሪያ ሳሉ አንዲት እናት በየጠዋቱ እየደወለች ከልጇ ቢሮ ጋር አገናኙኝ ትል ነበር አሉ። ልጁ ተገድሏል፤ እነሱ ሰምተዋል። የታዘዙት ግን «መስመሩ ተይዟል» እንዲሉ ነው።

«እሷም አመስግና ትዘጋ ነበር። ልጄ ሥራ በዝቶበታል፣ ከሰው ጋር እያወራ ነው እያለች። መስመሩ ተይዟል ስላት ደስ ይላት ነበር፣ ሂሩት።»



የመርዶው ቀን ቅዳሜ ሆነ። ጎሕ ሲቀድ አፓርትመንቱ ፓርኪንግ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ከፌርፋክስ የመጡ ዘመዶች፣ ቄሱ፣ ጥቂት ጎረቤቶች፣ እትዬ ጽጌና እኔ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። የመኪናው በር ሲዘጋ ቀስ ይደረጋል፣ ሳል ይታፈናል፤ እንደዚያ ሆኖም ከላይ በሁለተኛው ፎቅ መጋረጃው ሲነቃነቅ አየሁት። ወደ ውስጥ ስንገባ እማማ ብርቄ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልኩ አጠገባቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነው።

ቄሱ ብዙ አላስረዘሙም። «እማማ ብርቄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን ወሰደ። ጌታነህ አርፏል» አሉ።

አስካለ ጮኸች፣ ዘመዶቹ ተከተሉ። እማማ ብርቄ ግን አላለቀሱም። ግራ እንደገባው ሰው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያያሉ። «የቱ ጌታነህ?» አሉ። «የኔ ጌታነህ? አሁን አይደል እንዴ እንዲህ በደጅ ሰው ቆሟል ብዬ የላክሁለት?»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ስልኩ ጮኸ። ደካማ ጣታቸው እንደ ልማዱ ነካው።

«እማዬ፣ አይዞሽ። ምንም አልሆንኩም፤ ደህና ነኝ። ሰዎቹ ለሌላ ነገር መጥተው ይሆናል።»

ልቅሶው ቀጥ አለ።  አንዲት ሴት አማተበች። ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው ወለሉን አዩ። የሞተው ሰው፣ ሞቱ በሚነገርበት ክፍል ውስጥ፣ እናቱን እያጽናና ነበር።

«ይሄ ማን ነው?» አሉ እማማ ብርቄ።

 አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። እትዬ ጽጌ ሰዎቹን አልፈው ሄዱና አልጋው ሥር ተንበረከኩ።

«ማንም አይደለም፣ እማማ።»

«ድምፁ የልጄ ነው።»

«አዎ፣ ድምፁ የልጅዎ ነው። እሱ ግን የለም። ካረፈ ቆይቷል። ይሄ ማሽን ነው፤ እርስዎ እንዳይጎዱ ብለው ነው።»

እማማ ብርቄ ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ ስልኩን አንስተው አፋቸው ላይ አስጠጉት።

«ልጄ» አሉ፣ «ሞተሃል?»

 አስካለ «እማዬ፣ ተዪ» አለች በሹክሹክታ። እኔ መልስ እንዳይመጣ እየጸለይኩ ነበር። መልሱ መጣ። መጀመሪያ ያ ሳቅ፤ ቢሮ ውስጥ የሰማሁት ራሱ ሳቅ፣ ከዚያ፤

«እማዬ ደግሞ! ምን ማለትሽ ነው? ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

እማማ ብርቄ ስልኩን ቀስ ብለው ከአፋቸው አወረዱት። እትዬ ጽጌ መዳፍ ላይ አስቀመጡት፤ እንደሚያቃጥል ነገር።

«ውሰጂልኝ» አሉ። «ጌታነህ እኔን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ከዚያ ነው ያለቀሱት። እንዲያ ያለ ልቅሶ ከዚያች ትንሽ ሰውነት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን አልሞቱም። ሁሉም እንደፈሩት ልባቸው አልቆመም። እትዬ ጽጌ ስልኩን አጥፍተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ያን ቀን ከአጠገባቸው አልተነሱም።

በማግስቱ ለሰናይት ወንድም ደውለው ያን ነገር እንዲያጠፋው ነገሩት። ልጁ ስልኩ ላይ አለቀሰ። «እኔም እኮ ፈርቼው ነበር» አለ። «የሚላትን ሁሉ አየው ነበር። አንድ ቀን መጥቼ እወስድሻለሁ ብሏታል። ያን እኔ አላስተማርኩትም። ከዚያ ወዲያ ማየት ተውኩ።» እትዬ ጽጌ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፣ የሚሰማ ያለ ይመስል። ሌላ ሰው ፊት ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም።

ሪፖርቱ ተስተካክሎ ተላከ። እስከ ሐምሌ በጋሽ ጌታነህ ስም፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በውርሱ ስም ሆነ። ባለቢሮው ስለ መዘግየቱ አጉረመረመ። የፍርድ ቤቱ ወረቀት እስኪመጣ ሰናይት ተቸግራ ነበር፤ ዘመዶች ደገፏት። እትዬ ጽጌም ብዙ ቀን እንቅልፍ አጥተው ነበር መሰለኝ፤ ጠዋት ሲገቡ ዓይናቸው ሥር ጠቁሮ አየው ነበር። አንድ ቀን «ሳላይ ባልፈው ይሻል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ወዲያው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

አስፋልቱ ከበረዶ ነጽቶ ዛፎቹ ሊያቆጠቁጡ ሲሉ፣ አንድ ጠዋት የእትዬ ጽጌ ስልክ ጠራ። ቁጥሩ የኢትዮጵያ ነበር። እጃቸው ስልኩ ላይ ሆኖ ትንሽ አመነቱ፤ ያኔ ነው እሳቸውም እንደፈሩ ያወቅሁት። አንስተው እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሰናይት እባላለሁ» አለች ሴትዮዋ። «የጌታነህ ሚስት… የጌታነህ ሚስት ነበርኩ።» ከዚያ መቀጠል አቃታት። ድምፅ ማጉያው ክፍት ስለነበር እኔም እሰማለሁ፤ ንፍጧን ስትስብ፣ ከኋላዋ ልጅ ሲጠራት፣ በር ሲንቋቋ። ወረቀቱን የሚሞላው ማነው፣ በማን ስም ነው የሚላከው ብላ ልትጠይቅ ነበር የደወለችው። ግን «ትላንት እማማን በቪዲዮ አየኋቸው» አለች። «እንደለበስኩ። ሳላወልቅ። እሳቸውም ጥቁር ለብሰው ነበር። ምንም አልተባባልንም፤ ተላቀስን፣ ተላቀስን፣ ከዚያ ቻርጄ አለቀ።»

እትዬ ጽጌ አላቋረጧትም፣ አላጣደፏትም። ሙሉ ስሟን ጠየቋት፤ የአባቷን፣ የአያቷን። የትኛው ቀበሌ እንደምትኖር ጠየቋት። ሴትዮዋ አንዳንዱን እያለቀሰች፣ አንዳንዱን ልጁን «ቆይ አንዴ» እያለች መለሰች። ከመቶ ሠላሳው ለምን እንደሚቆረጥ ሲያስረዷት «አይ ሠላሳ!» ብላ ተናደደች፤ መናደዷን ሰምተው እትዬ ጽጌ ፈገግ አሉ።

ስልኩን ከዘጉ በኋላ እጃቸውን ከላዩ ላይ ሳያነሱ ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺ ሰው ናት» አሉኝ፣ ብዕራቸውንም አነሱ።